የሰፈራችሁ የዳንስ ቡድን መሪ ነገ ቢሄድ ቁልፉ ማን ጋ ይቀራል?

ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ ሂዱ፣ ታገኟቸዋላችሁ። ከሰዓት በኋላ የቀበሌ አዳራሽ ወይ ባዶ የመማሪያ ክፍል፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ሜዳ ላይ። አንድ ስፒከር፣ አንድ ስልክ፣ አስራ ምናምን ልጆች። ከፊት አንዱ ቆሞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው!» ይላል።

ያ ከፊት የቆመው ልጅ አይከፈለውም። አዳራሹን ደብዳቤ አስገብቶ የለመነው እሱ ነው። ስፒከሩን ቻርጅ ያደረገው እሱ ነው። አንዷ ስትቀር ቤቷ ሄዶ ከእናቷ ጋር የሚነጋገረውም እሱ ነው። ለሠርግ ሲጠሩ ዋጋ የሚቆርጠው፣ የቲክቶክ አካውንቱን የሚይዘው፣ ሁለት ልጆች ሲጣሉ የሚያስታርቀው ያው እሱ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ይደርሰዋል። ወይ አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል፣ ወይ ዓረብ አገር ይሄዳል። ቡድኑ ከሁለት ወር በላይ አይቆይም። አዳራሹን ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ የአካውንቱ ፓስዎርድ ከልጁ ጋር ይሄዳል፣ የተጠራቀመው ብር የት እንደገባ የሚያውቅ ይጠፋል። አሁን ጀምራ የነበረችው የአስራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ቤቷ ትቀመጣለች።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው፦ ዳንስን በነጻ ስለሚመሩ ሰዎች። ርዕሱ ቀላል ይመስላል። ግን አዲስ አበባም ውጭ አገርም ብዙ ታሪክ አለው፤ መልሱ ደግሞ በከፊል እዚሁ ጉራጌ ውስጥ፣ አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ በየወሩ በሚቀመጡበት ስብሰባ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። በደርግ ጊዜ የነበሩትን ጠይቁ፣ በየቀበሌው «ኪነት» ነበር ይሏችኋል። መሣሪያው፣ ልብሱ፣ አዳራሹ ከመንግሥት ነው። መሪውም ቢሆን በቀበሌው ዓይን ሥር ነው፤ የሚዘፈነውም ለአብዮቱ ነው። ብዙ ጎበዝ ዘፋኝና ተወዛዋዥ ከዚያ ወጥቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ቤቱ የቆመው በአንድ ምሰሶ ስለነበር መንግሥት ሲቀየር አብዛኛው ኪነት አብሮ ወደቀ። ዛሬ ያሉት የሰፈር ቡድኖች ከዚያ በጣም ይለያሉ። አዛዥ የላቸውም፤ በጀትም የላቸውም። ምሰሷቸው ግን አሁንም አንድ ነው፣ ያ ከፊት የቆመው ልጅ።

አሁን ወደ አዱኛ እንምጣ። ብዙ ወጣት ስሙን አልሰማም፣ ይገርማል።

ነገሩ የጀመረው ከመንታ ልጆች ነው። ዶክተር ካርሜላ ግሪን አባተ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም አዲስ አበባ ውስጥ መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን ለመርዳት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀሚኒ ትረስት የሚባል ድርጅት መሠረቱ። ስሙ ራሱ መንታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር መጣና ከመቶ በላይ የሚሆኑ የጎዳናና ሠርቶ አዳሪ ልጆችን ሰብስቦ «ካርሚና ቡራና» የሚባለውን ትልቅ የአውሮፓ ሙዚቃ አስጨፈራቸው። ከነዚያ መካከል 18 ተመረጡና የአምስት ዓመት ሥልጠና ጀመሩ። አዱኛ የዳንስ ቲያትር የሚባለው እንዲህ ተወለደ።

እስከዚህ ድረስ «ፈረንጅ መጣ፣ ረዳ፣ ሄደ» የሚለው የለመድነው ታሪክ ይመስላል። ልዩነቱ ሥልጠናው ውስጥ ነው። ልጆቹ እንዲጨፍሩ ብቻ አልነበረም የሚሠለጥኑት፤ እንዲያስተምሩም ነበር። ገና ራሳቸው ተማሪ ሆነው ሳለ ወደ ሌሎች የጎዳና ልጆች እየሄዱ ክፍል ይመሩ ነበር። ትናንት ጎዳና ላይ የነበረ ልጅ ዛሬ ለሌላ የጎዳና ልጅ አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም አልፎ ፖሊሶች ፊት ቀርበው ፖሊስ የጎዳና ልጅን እንዴት እንደሚይዝ በቲያትር አሳዩ፤ ፖሊሶቹንም ቲያትሩ ውስጥ አስገብተው አወያዩ። እስቲ አስቡት፣ በዱላ ያባርርህ የነበረን ሰው ፊቱ ቆመህ ስታስተምረው።

አዳም ቤንጃሚን የሚባለው፣ አካል ጉዳተኛና ጉዳት የሌለባቸው ሰዎች አብረው የሚጨፍሩበትን ካንዱኮ የተባለ የእንግሊዝ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ፣ አዱኛ ጋር መጥቶ ሠራ። ከዚያ በኋላ ዊልቸር ላይ ያሉና በክራንች የሚሄዱ ወጣቶች ከአዱኛ ልጆች ጋር መድረክ ላይ ወጡ። «ዳንስ ለሙሉ አካል ነው» የሚለው ነገር እዚያ ቀረ።

ከአዱኛ ከወጡት ሁለቱን እንጥቀስ፤ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እና አዲሱ ደምሴ። ጁናይድን እ.ኤ.አ. በ2004 የሮሌክስ የሰዓት ኩባንያ በሚደግፈው የኪነ ጥበብ ፕሮግራም መርጠውት ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ተጣምሮ ሠርቷል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን፣ ሳድለርስ ዌልስ የሚባለው ትልቅ የዳንስ ቤት መድረክ ላይ ቆመዋል። በኋላ ደግሞ ዴስቲኖ ዳንስ የሚባል የራሳቸውን ድርጅት አዲስ አበባ ላይ አቋቁመው አካል ጉዳተኛውንም ሌላውንም ወጣት አንድ ላይ ያሠለጥናሉ።

እዚህ ላይ ያዙልን። አዱኛ በአንድ ሰው ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ማልዱም አውሮፕላን የተሳፈረ ቀን ያልቅ ነበር። ማልዱም ሄዷል፤ በርሊን ላይ 250 ልጆችን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር አስጨፍሮ «ሪዝም ኢዝ ኢት» የሚባለው የ2004 ፊልም ተሠርቶበታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ማስተማር የሚችሉ ሰዎች ቀርተዋል። ገንዘቡ የውጭ እርዳታ መሆኑ ድክመቱ ነበር፣ እውነት ነው። ዕውቀቱ ግን ከአንድ ጭንቅላት ወጥቶ አስራ ስምንት ጭንቅላት ውስጥ ገብቷል።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን እናንሳ። ማለፍ አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተቋቋመ። መሥራቹ ካናዳዊ መምህር ነበር። ልጆቹ በጣም ጎበዞች ነበሩ፤ ውጭ አገር እየዞሩ አሳዩ፣ በሌሎች ከተሞችም ሰርከስ ተከፈተ። አገር ሁሉ ኮራባቸው። ከዚያ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ለትዕይንት አውስትራሊያ የሄዱ የቡድኑ ልጆች አንመለስም ብለው ጥገኝነት ጠየቁ። በመሥራቹ ላይ ሕፃናትን በወሲብ አጥቅቷል የሚል ክስ አነሱ። ሰውዬው ከኃላፊነቱ ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱን አጠፋ።

ይህን የምናነሳው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ሁኔታ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ሁሉንም ነገር ይይዛል፤ ቁልፉን፣ ገንዘቡን፣ ማን ጉዞ እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር። ሁሉም ያመሰግነዋል፣ «በነጻ ነውኮ የሚለፋው» ይባላል። በነጻ የሚለፋን ሰው መጠየቅ ደግሞ ነውር ይመስላል። ልጁ ቅሬታ ቢኖረው ለማን ይናገራል? ያለው አንድ ሰው ነው፣ ቅሬታውም በዚያው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ለምን ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል?» የሚለው አባባል አይሠራም። መሪው ጥሩ ሰው ከሆነ ቁጥጥሩ እሱንም ይጠብቀዋል፤ ነገ አንድ ሰው ስሙን ቢያጠፋ መስክሩልኝ የሚለው ሰው አለው ማለት ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ልጆች ባሉበት ልምምድ ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ፣ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። ማንም መሪ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ። ልምምዱ ሳይመሽ ይለቅ፤ ሴት ልጆች የሚቀሩት ዳንስ ስለጠሉ አይደለም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ቤት ስለማይፈቀድላቸው ነው። እናት መጥታ ልምምዱን ቁጭ ብላ ማየት ከፈለገች ወንበር ይሰጣት። በቃ፣ ይኸው ነው። ብር አይጠይቅም።

ወደ ውጭ እንመልከት። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቦልሩም ዳንስ (ዋልስ፣ ታንጎ፣ ቻቻ የመሳሰሉት) ውድድር ጥንዱ ወንድና ሴት ካልሆነ አይቀበልም ነበር። ወንዱ ይመራል፣ ሴቷ ትከተላለች። ከራሳቸው ጾታ ጋር መጨፈር የፈለጉ ሰዎች፣ በአብዛኛው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ በሩ ስለተዘጋባቸው የራሳቸውን ማኅበራት አቋቋሙ። አንዱ የአውሮፓ ነው፣ አንዱ የሰሜን አሜሪካ። ውድድሩን የሚያዘጋጁት፣ ደንቡን የሚጽፉት፣ በር ላይ ቆመው የሚመዘግቡት በብዛት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች።

በእኛ አገር ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል ስለሆነ እንዲህ ያለ ማኅበር እዚህ በይፋ የለም። አሠራራቸው ውስጥ ግን ማንኛውም የዳንስ ቡድን ሊያየው የሚገባ ነገር አለ፦ «መሪ» ማለት ምን እንደሆነ እንደገና ማሰብ ነበረባቸው። ሁለት ሴቶች ሲጨፍሩ ማን ነው የሚመራው? መልሳቸው፣ ሁለቱም ሁለቱንም ይማሩ የሚል ሆነ። ዳንሱ መሀል ላይ መሪው ተከታይ፣ ተከታዩ መሪ ሆኖ የሚለዋወጡበት ጊዜ አለ፤ ተመልካችም ይህን እንደ ችሎታ ነው የሚያየው። ነገሩ እነሱ ጋ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የዳንስ ምክር ቤት ደንቡን ቀይሮ ጥንድ ማለት ጾታ ሳይለይ «መሪና ተከታይ» ነው አለ። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዙ «ስትሪክትሊ» የቴሌቪዥን ውድድር የኦሊምፒክ ቦክሰኛዋን ኒኮላ አዳምስን ከሴት ዳንሰኛ ጋር አጣመራት። በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረ ነገር እዚያ ደረሰ።

መቀያየሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጉራጊኛ ላይ ያለውን ተመልከቱ። አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውጪው ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፤ መሀል የገባው ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ጭብጨባው አይቆምም። መንዙማም ላይ አውጪና ተቀባይ ነው። ጎረቤት ክስታኔ ዘንድ ከመስቀል በኋላ ባለው የአዳብና ጨዋታ ወጣቶቹ ራሳቸው ተጠራርተው፣ ራሳቸው እየዘፈኑ ነው የሚጫወቱት። ጭፈራው ላይ ቦታ መለዋወጥ የምናውቅ ሰዎች ነን። ቢሮው ላይ ስንደርስ ነው አንድ ሰው ላይ የምንከምረው።

ቢሮውን ደግሞ ከማን እንማር? ከዕድር።

አትሳቁ። ዕድር ለሽማግሌ ነው ትሉ ይሆናል። ግን አንድ የሰፈር ዕድር ስንት ዓመት እንደኖረ እቤት ጠይቁ። ስንት ዳኛ ሞቶበት፣ ስንት ጸሐፊ ለቆበት፣ ስንት መንግሥት አልፎበት ድንኳኑና ወንበሩ አሁንም አለ። ምስጢሩ ሰዎቹ መልአክ መሆናቸው አይደለም። ዳኛው ይመራል ግን ብሩን አይዝም። ገንዘብ ያዡ ብሩን ይይዛል ግን ደብተሩን አይጽፍም። ጸሐፊው ይጽፋል ግን ብር አያወጣም። ለመስረቅ ሦስት ሰው መስማማት አለበት። አንዱ ቢሞት ደግሞ ሁለቱ ሥራውን ያውቃሉ። ዕቁብ ላይ ዋስ ይጨመራል። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ ከመሄዱ በፊት ዋስ ይጠራል። መርካቶ ውስጥ ስንት የጉራጌ ሱቅ በዚህ እንደቆመ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብንም።

ይሄ ሥርዓት ደግሞ ለቅሶ ብቻ አይደለም የሠራው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በዓለም ገና አድርጋችሁ ወደ ቡታጅራ ስትመጡ የምትሄዱበትን መንገድ አስቡ። በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የአካባቢው ተወላጆች የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር የሚባል አቋቁመው፣ ከአባላት መዋጮ እየሰበሰቡ ያንን መስመር ለማሠራት ተነሱ። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ያዋጣል፣ አገር ቤት ያለው ገበሬ ያዋጣል። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚሁ ማኅበር ላይ ነው። ከውጭ የመጡ ምሁራን «ከተማ የገባ ሰው አገሩን ይረሳል» በሚሉበት ጊዜ ይሄ ማኅበር ተቃራኒውን አሳየ። መንገድ በመዋጮ የጀመረ ሰፈር ለአስራ አምስት ልጅ የዳንስ ቡድን ሦስት ኃላፊ መምረጥ አያቅተውም።

እንግዲህ ቡድን ያላችሁ፣ ተግባሩ ይኸውላችሁ። ዳንስ የሚያሠለጥነው ልጅ ያሠልጥን፤ እሱ የሚችለው እሱን ነው። ገንዘቡን ሌላ ሰው ይያዝ። ደብተሩን ሦስተኛ ሰው ይጻፍ፤ ለሠርግ ስንት ተከፈለን፣ ለትራንስፖርት ስንት ወጣ፣ ለልብስ ስንት ቀረ፣ በወሩ መጨረሻ ልጆቹ ፊት ይነበብ። የቲክቶኩና የቴሌግራሙ ፓስዎርድ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። አንድ ሲም ካርድ ላይ የታሰረ አካውንት ያ ሲም የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል፤ ብዙ ቡድን ሺህ ተከታዮቹን ያጣው እንደዚህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ መሪው ከኋላ ይቁምና ከታዳጊዎቹ አንዷ ማሟሟቂያውን ትምራ። መጀመሪያ ትንተባተባለች። ምንም አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት ድምፅዋ ይወጣል።

ሕጋዊ መሆን የምትፈልጉ ካላችሁም አጭር ማብራሪያ እንስጥ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለማቋቋም አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ይበቃሉ ይላል፤ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህ አዋጅ ግን የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የተቋቋሙትን እና የውጭዎቹን ነው። ቡታጅራ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ቡድን ጉዳዩ ወደ ክልል ነው፤ ያው ከነሐሴ 2015 ጀምሮ እኛ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነን፣ የድሮውን የሐዋሳ ደብዳቤ ይዛችሁ እንዳትንከራተቱ። ዕድርና ዕቁብ ከአዋጁ ውጪ ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ቡድን ከሆናችሁ በመተዳደሪያ ደንብና በቃለ ጉባኤ መጀመር ትችላላችሁ፤ አዳራሽ ለመጠየቅም የምዝገባ ወረቀት ካለው ግለሰብ ይልቅ ቃለ ጉባኤ የያዙ ሦስት ሰዎች ሲመጡ ኃላፊው የተሻለ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ቀረ፣ መቼ ይሁን የሚለው። ተማሪው ሲበተን፣ ክረምት ሲገባ ስብሰባ ብትጠሩ ግማሹ አይመጣም። አዲስ አበባ ያሉት የቡድኑ የድሮ ልጆች አገር ቤት የሚገቡት በመስቀልና በአረፋ ነው። ያን ሰሞን መኪናው ሁሉ ሞልቶ ወደዚህ ይመጣል። ፓስዎርዱን ይዞ የሄደው ልጅም ይመጣል። ክትፎው ካለቀ በኋላ፣ ቡናው ሳይፈላ በፊት አንድ ሰዓት ውሰዱበት፤ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።